መልስ፦ ኦቨርሄድ እየተከፈለ ፕሮፌሰሩ ለምን ፎርም ይሞላል?

ሰላም ወንድሜ። «አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ከፌዴራል የምርምር ገንዘብ ላይ ኦቨርሄድ (ለአስተዳደር፣ ለሕንፃና ለመሳሰለው የጋራ ወጪ የሚከፈል ድርሻ) ይወስዳል፤ ታዲያ አማካሪዬ ለምን ሁሌ ከወረቀት ጋር ይታገላል?» ብለህ ጠይቀሃል።

ዋናው ምክንያት ጣሪያው ነው። ከ1991 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዩኒቨርሲቲዎች ለአስተዳደር ሥራ የሚያስከፍሉት ከተስተካከለው ቀጥተኛ ወጪ፣ ማለትም አንዳንድ ወጪዎች ተቀንሰው ከሚቀረው የምርምሩ የራሱ ወጪ፣ 26 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ለሕንፃና ለመብራት የሚከፈለው ይህ ጣሪያ የለበትም። ከዚያ ወዲህ ግን ሕጎቹ ተደራረቡ፤ የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ፣ የመረጃ ደኅንነት፣ ከውጭ አገር ጋር ያለ ግንኙነት መግለጫ፣ ሌላም ሌላም። ጣሪያው እዚያው ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ወይ ልዩነቱን ከራሱ ኪስ ይሸፍናል፣ ወይ ሥራውን ወደ ተመራማሪው ይገፋዋል። ብዙ ቦታ ሁለቱም ይሆናል።

በ2018 በተደረገ አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት፣ ዋና ተመራማሪዎች ለፌዴራል ፕሮጀክት ከሚያውሉት ጊዜ 44 በመቶ ገደማው በምርምሩ ሳይሆን በአስተዳደራዊና ተያያዥ ሥራዎች እንደሚያልቅ ተናግረዋል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። የሕዝብ ገንዘብ የተሰጠው ለሳይንስ ነው።

ሁሉም ወረቀት ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምር በሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ ሕግ የወጣው በ1974፣ ጥቁር አሜሪካውያን ታማሚዎች እውነቱ ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ የተጠኑበት የታስኪጊ የቂጥኝ ጥናት ግፍ ከተጋለጠ በኋላ ነው። እሱ መነካት የለበትም። መቅረት ያለበት ማንንም የማይጠብቀው ድግግሞሽ ነው። ለምሳሌ ከ2019 ጀምሮ አነስተኛ አደጋ ያላቸው አብዛኞቹ አዳዲስ ጥናቶች በየዓመቱ ዳግም መታየት አይጠበቅባቸውም። የናንተ ኮሚቴ አሁንም በየዓመቱ የሚጠይቃችሁ ከሆነ፣ የፌዴራሉ ሕግ ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ደንብ ብላችሁ ጠይቁ።