የ16 ዓመት ልጅ ስንት ያወጣል? ስለ ቤዝቦል ፊርማ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። ባለፈው ስለ ቤዝቦል ልጆች ፊርማ ከጻፍኩ በኋላ ጥያቄ በዝቶብኛል። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። የምናወራው የአሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ቡድኖች ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከፖርቶ ሪኮ ውጭ ላሉ ልጆች ስለሚከፍሉት የፊርማ ገንዘብ ነው። አብዛኞቹ የዶሚኒካን ሪፐብሊክና የቬንዙዌላ ልጆች ናቸው። ይህ ገንዘብ ከዋናው ቡድን ደሞዝ ጋር አይገናኝም። እባካችሁ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ያንኪስና ዶጀርስ ገንዘብ ሞልቷቸዋል። ምርጥ ምርጡን ልጅ ለምን ጠራርገው አይወስዱም?

መልስ፦ ስለማይፈቀድላቸው። ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን በየዓመቱ ለእነዚህ ልጆች ብቻ የሚውል በጀት ይመድባል። በ2025 ትልቁ ድርሻ 7,555,500 ዶላር ነበር። የደረሰውም ገበያቸው ለጠበበ ወይም ገቢያቸው ላነሰ ቡድኖች ነው። ቀጣዩ 6,908,600፣ ከዚያ ደግሞ 6,261,600 ነው። ከዚህም የሚቀነስበት አለ። የቀድሞ ቡድኑ ያቀረበለትን የአንድ ዓመት ኮንትራት አልፈልግም ያለ ትልቅ ተጫዋች ካስፈረምክ፣ ከልጆቹ በጀት ላይ 500,000 ዶላር ሊቆረጥብህ ይችላል። የዋናው ቡድን ደሞዝህ ሊጉ ለደሞዝ ያስቀመጠውን የቅጣት መስመር ያለፈ ከሆነ ቅነሳው 1 ሚሊዮን ይሆናል።

በተጫዋች ልውውጥ ከሌላ ቡድን ላይ በጀት መውሰድ ይቻላል። ግን መጨመር የምትችለው ከመነሻ ድርሻህ እስከ 60 በመቶ ብቻ ነው። 10,000 ዶላርና ከዚያ በታች የተከፈለው ልጅ ደግሞ ከበጀቱ አይቆጠርም። ይኼን ያዙት፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ከሲያትል፦ ድሮስ እንዲህ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የትናንቱን ካላወቅን የዛሬውን አንረዳውም። እስከ 2012 ድረስ ያለው የፈለገውን ይከፍል ነበር። በ2011 የቡድን ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር ባደረጉት ስምምነት ገደብ መጣ። በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም እኩል 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ጣሪያው ግን ለስላሳ ነበር። ካለፍከው፣ ያለፍክበትን ያህል ገንዘብ ለሊጉ ትቀጣለህ። ብዙ ካለፍክ፣ በሚቀጥሉት ሁለት የፊርማ ዘመናት ለአንድ ልጅ ከ300,000 ዶላር በላይ መክፈል አትችልም።

ቡድኖቹ ቁጭ ብለው አሰሉት። ከበሰበሱ ወዲያ ዝናብ አይፈሩም። ቅጣቱ ካልቀረ ለምን በአንድ ዓመት የተገኘውን ሁሉ አናስፈርምም አሉ። ያንኪስ በ2014 ያደረገው ይኼንኑ ነው። ቦስተን ሬድ ሶክስ በ2015 ለኩባዊው ዮአን ሞንካዳ 31.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ቅጣቱም ያንኑ ያህል ሆነ። 63 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ19 ዓመት ልጅ! ሞንካዳ በቦስተን ማሊያ ብዙም ሳይጫወት በዲሴምበር 2016 ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ተላከ። በምትኩ ወርዋሪው ክሪስ ሴል መጣ። ቦስተን በ2018 ዋንጫ ሲያነሳ የመጨረሻዋን ኳስ የወረወረው ሴል ነው። ስለዚህ ያ ገንዘብ ባከነ የሚለኝ ሰው ሲኖር አልስማማም።

በ2016 መጨረሻ በተደረሰው አዲስ ስምምነት ጣሪያው ጠነከረ። ከጁላይ 2017 ጀምሮ ቅጣት ከፍሎ ማለፍ የሚባል ነገር ቀረ። አቅም የሌላቸውን ቡድኖች ለመርዳት ነው ተባለ። በከፊል እውነት ነው፤ ፒትስበርግ ዛሬ ከኒውዮርክ ጋር እኩል ይወዳደራል። ግን ለልጆቹ ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ የት ሄደ? ባለቤቶቹ ጋ ነው የቀረው። ማኅበሩ ያንን ሲፈርም ልጆቹ አባሉ አልነበሩም። ስለ እነሱ የተደራደረው ሌላ ሰው ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ከዴንቨር፦ ዶጀርስ ለኦታኒ 700 ሚሊዮን ከፍሎ የለም እንዴ? ታዲያ ጣሪያው የታለ?

መልስ፦ አትቀላቅሉ ብያለሁ። 700 ሚሊዮኑ በ2023 የተፈረመ የዋናው ቡድን ኮንትራት ነው።

ኦታኒን ካነሳህ ግን የመጀመሪያ ፊርማውን ተመልከት። ከጃፓን ሲመጣ፣ በዲሴምበር 2017፣ 23 ዓመቱ ነበር። ሕጉ ደግሞ ከ25 ዓመት በታች ያለ የውጭ ተጫዋች በዚሁ የልጆች በጀት ይገባል ይላል፤ በአገሩ ትልቁ ሊግ ውስጥ ኮከብ ቢሆንም። ከኤንጅልስ ያገኘው የፊርማ ገንዘብ 2.315 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቢታገስ በመቶ ሚሊዮኖች ይደራደር ነበር።

ሌላው ጃፓናዊ ዮሺኖቡ ያማሞቶ ታገሰ። በ2023 መጨረሻ 25 ዓመት ሞልቶት ከዶጀርስ ጋር ለ12 ዓመት በ325 ሚሊዮን ፈረመ። የአገሩ ልጅ ሮኪ ሳሳኪ አልጠበቀም። በጃንዋሪ 2025፣ በ23 ዓመቱ፣ ለዚያው ለዶጀርስ በ6.5 ሚሊዮን ፈረመ። ዶጀርስ ያንን ለማሟላት ከሌሎች ቡድኖች በጀት ሰበሰበ። ከዶጀርስ ጋር በቃል ተስማምተው የነበሩ የላቲን አሜሪካ ልጆች ደግሞ ሌላ ቡድን ፍለጋ ሄዱ። ስለ ሳሳኪ ሲወራ እነዚያን ልጆች የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው።

ከቶሮንቶ፦ የካናዳ ልጅስ?

መልስ፦ ድራፍት፤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ማለት ነው። ካናዳ ከዚህ ገንዘብ ውጭ መሆኗን መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ ጎበዝ ሾርትስቶፕ (የውስጥ ሜዳ ተከላካይ) ነው። አንድ አሠልጣኝ ዶሚኒካን ብትልኪው በ16 ዓመቱ ይፈርማል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኪው። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ መንገዱ ድራፍት ነው። እሱም ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ነው የሚጀምረው። ኮሌጅ ገብቶ ቆይቶም መመረጥ ይችላል። ለልጅሽ ይኼ የተሻለ ዕድል ነው፤ ቢሳካለትም ባይሳካለትም ትምህርቱ በእጁ ይኖራል። ያንን ምክር የሰጠሽ ሰው ገንዘብ ጠይቆሽ ከሆነ እንዳትከፍዪው።

ከአዲስ አበባ፦ የእኛ አገር ልጅስ በዚህ መንገድ መፈረም ይችላል?

መልስ፦ ሕጉ አይከለክልም። ከአፍሪካ ተወልዶ ትልቁ ሊግ የደረሰ የመጀመሪያው ተጫዋች ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ ነው፤ በ2017 ለፒትስበርግ። ዶጀርስ ከኡጋንዳም ልጆች አስፈርሟል። ግን ሜዳና ውድድር በሌለበት መልማይ አይመጣም።

ከሙኒክ፦ ቆይ ግን፣ በእግር ኳስ ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ቤዝቦል በ16 ዓመት እንዴት ይፈቅዳል?

ከዳላስ፦ ፊፋ ከልክሎ ማን አከበረ? ባርሴሎናን አላየህም?

ከሙኒክ፦ ባርሴሎና እኮ ተቀጥቷል። በ2015 ሁለት የዝውውር መስኮት ሙሉ አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ አልቻለም።

ከዳላስ፦ ሜሲስ? በ13 ዓመቱ አይደል እንዴ ከአርጀንቲና የወሰዱት! ያኔ ቢከለከል ኖሮ ሜሲን አናየውም ነበር።

ከሙኒክ፦ ሜሲ ከአባቱ ጋር ነው የሄደው። ለአንድ ሜሲ ስትል ስንት ልጅ ሜዳ ላይ ይቅር?

ከለንደን፦ አርሰናልስ ፋብሬጋስን...

መልስ፦ እግር ኳሱን እዚህ ላይ እናቁም። የሙኒኩ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። በቤዝቦል ልጁ በ16 ዓመቱ ቢፈርምም ወዲያው አሜሪካ አይሄድም። 30ዎቹም ቡድኖች ዶሚኒካን ውስጥ አካዳሚ አላቸው። ብዙዎቹ ከሳንቶ ዶሚንጎ ብዙም የማይርቁ ናቸው፤ በቦካ ቺካ በኩል። ልጁ እዚያ ይኖራል፣ ይሠለጥናል፣ እንግሊዝኛ ይማራል። የቬንዙዌላው ልጅ ግን አገሩን ለቆ ነው እዚያ የሚገባው።

ከአትላንታ፦ ብሬቭስ የተቀጣበትን ነገር ቢያብራሩልን። ብዙ ሰው በደንብ አያውቀውም።

መልስ፦ በደስታ። ጣሪያ ስትሠራ ሰው በየት በኩል እንደሚሾልክ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። ብሬቭስ ለአንድ ልጅ በወረቀት ላይ አነስ ያለ ገንዘብ ይጽፋል። ቀሪውን ደግሞ ያው አሠልጣኝ በያዘው ሌላ፣ እምብዛም ችሎታ በሌለው ልጅ ስም ይከፍላል። እንዲህ እያደረገ በጀቱን ያላለፈ ያስመስላል። ሊጉ በኖቬምበር 2017 ፍርዱን ሰጠ። 13 ልጆች ከቡድኑ ተለቀቁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆን ኮፖሌላ ዕድሜ ልክ ታገደ፤ በ2023 እገዳው ተነሳለት። ቡድኑ በ2019-20 ዘመን ለአንድ ልጅ ከ10,000 ዶላር በላይ እንዳይከፍል ተደረገ። ቦስተንም ቀደም ብሎ በ2016 በተመሳሳይ ጥፋት አምስት ልጆች አጥቷል።

ከተለቀቁት አንዱ ቬንዙዌላዊው ኬቪን ማይታን ነው። ብሬቭስ 4.25 ሚሊዮን ከፍሎለት ነበር። ኤንጅልስ በ2.2 ሚሊዮን እንደገና አስፈረመው። ትልቁ ሊግ አልደረሰም። እዚያው ብሬቭስ ውስጥ በ2014 በ100,000 ዶላር የፈረመው ሮናልድ አኩኛ ግን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ከሚኒያፖሊስ፦ እንግዲያው ቡድን ቢሆኑ በጀቱን ለአንድ ትልቅ ልጅ ነው የሚያውሉት ወይስ ለብዙ?

መልስ፦ ለብዙ። አስቀድማችሁ የምትሉኝን አውቃለሁ። ብላድሚር ገሬሮ ጁኒየር በ2015 3.9 ሚሊዮን ተከፍሎት ዋጋውን አስመስክሯል። ልክ ነው። እኔ የምደግፈው ናሽናልስም በዚያው ዓመት ሁዋን ሶቶን በ1.5 ሚሊዮን አስፈርሞ በ2019 ዋንጫ በልቷል። ግን ሆሴ አልቱቬ በ2007 በ15,000 ዶላር ነው የፈረመው። ሆሴ ራሚሬዝ በ50,000። ፍራምበር ቫልዴዝ በ10,000፤ ያውም ለዚህ ሥራ አርጅቷል በተባለበት በ21 ዓመቱ። በሌላ በኩል ኦክላንድ በ2008 ለወርዋሪው ማይክል ኢኖዋ 4.25 ሚሊዮን ከፈለ፤ ትልቁ ሊግ የደረሰው በሌላ ቡድን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው።

የ16 ዓመት አካል ገና አላለቀም። የትከሻው ስፋት፣ የክርኑ ጤና፣ ልቡም ጭምር አይታወቅም። ስለዚህ ከበጀቱ ከሲሶ በላይ ለአንድ ልጅ አልሰጥም። ከ10,000 ዶላር በታች ያለውን ቀዳዳ ደግሞ በደንብ እጠቀምበታለሁ።

ይህን ስል ግን የ10,000 ዶላሩ ልጅ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል ማለቴ አይደለም። የምናስታውሰው የተሳካላቸውን ነው። አብዛኞቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተሰናብተው ቤታቸው ይገባሉ።

ከላስ ቬጋስ፦ ጥሩ ልጅ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ወርዋሪ ነው? መቺ ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ጥያቄውን ለይተህ አምጣልኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ናሽናልስ ዕድሜው የተጭበረበረ ልጅ አስፈርሞ አልነበረም?

መልስ፦ አዎ። በ2006 በ1.4 ሚሊዮን። በ2009 ስሙም የሌላ ሰው፣ ዕድሜውም በአራት ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። አሁን ማጣራቱ በጣም ጠብቋል።

ከሂዩስተን፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ሀብታሞቹ ቡድኖች ሁሉንም ልጅ ለምን አይገዙም?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼው ነው። ወንድሜ፣ ወደ ላይ ከፍ ብለህ አንብብ።

ከቺካጎ፦ ለሁሉም መፍትሔው ድራፍት አይደለም? ሁሉም ልጅ በተራ ይመረጥና ይለቅ።

መልስ፦ በ2022 ተሞክሮ ነበር። ሊጉ በጠቅላላው 191 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ድራፍት አቀረበ፤ ማኅበሩ ያነሰ ነው ብሎ ጁላይ 25 ቀን አልቀበልም አለ። የአሁኑ ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ስለሆነ እንደገና መነሳቱ አይቀርም። እኔ ልቤ ሁለት ነው። ድራፍት ድብቁን የቃል ስምምነት ሊያስቀር ይችላል። ግን ፖርቶ ሪኮ ወደ ድራፍት ከገባች በኋላ መልማዮች ልጆችን ከሥር ጀምሮ የማሳደግ ፍላጎታቸው ቀነሰ የሚሉ ብዙ ናቸው። ልጁም ቡድኑን የመምረጥ መብቱን ያጣል።

ከቺካጎ፦ መብት ሲሉ፣ አሁንስ የሚመርጠው ልጁ ነው ወይስ አሠልጣኙ?

መልስ፦ እውነትህን ነው፤ እዚህ ላይ የምመልስልህ የለኝም። አሠልጣኞቹ ቡስኮን ይባላሉ። ልጁን በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ወስደው ያበላሉ፣ ያስተኛሉ፣ ያሠለጥናሉ። ሲፈርም ከገንዘቡ ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚወስዱ አሉ። ከመካከላቸው ለልጆቹ እንደ አባት የሆኑም አሉ።

ከሲያትል፦ የመጨረሻ ጥያቄ። በቃል የተስማማ ልጅ ቡድኑ ቢከዳው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ሕጉ ከ16 ዓመት በታች ስምምነት አያውቅም። በተግባር ግን ቡድኖች ከ13 ዓመት ልጅ ጋር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች፣ በቃል ይስማማሉ። ልጁ ከዚያች ቀን በኋላ ለሌላ መልማይ መታየት ያቆማል። ብዙዎቹ ትምህርትም ያቆማሉ። ቤተሰቡ በሚመጣው ገንዘብ ተስፋ ይበደራል። ከዚያ ቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ይቀይራል፣ ወይም ልጁ እንደታሰበው አያድግም፣ ወይም ጃፓናዊ ኮከብ ይመጣና በጀቱን ይወስዳል። የፊርማው ቀን፣ ጃንዋሪ 15፣ ሲደርስ 2 ሚሊዮን የተባለው 400,000 ይሆናል፤ ወይም ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። ወረቀት ስለሌለ የሚከሰስ የለም። ወደ ሌላ ቡድን እንዳይሄድ ደግሞ የሁሉም በጀት ከዓመታት በፊት በቃል ተሰጥቶ አልቋል። ከለስላሳው ጣሪያ ዘመን በዚህ ይለያል። ያኔ ጨምሮ የሚከፍል ሌላ ቡድን ይገኝ ነበር። ዛሬ ቢፈልግም አይችልም። ልጁ ያለው አማራጭ የተሰጠውን መቀበል ወይም አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ በመልማዮቹ ዓይን ያረጀ ነው።