በአደራ የምታድግ ልጅ ጤና ጣቢያ ስትመጣ

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በአደራ ቤተሰብ የምታድግ የ17 ዓመት ልጅ ከአሳዳጊ እናቷ ጋር መጥታ፣ የሚያማትን ስጠይቃት የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ዝም አለች። እንዴት ልርዳት?

መልስ፦ አሳዳጊዋን «እትዬ፣ ጥቂት ውጭ ይጠብቁን» ብለው በአክብሮት ካስወጡ በኋላ፣ ምስጢሯ እንደሚጠበቅ፣ ጥቃት ወይም ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ለደኅንነቷ ሲባል ለሚመለከተው አካል እንደሚነገር አስቀድመው ያስረዷት። «የማን ልጅ ነሽ?» ማለት በጎጃም ሰላምታ ቢመስልም እሷን ያቆስላታልና፣ ለሕክምናው የማያስፈልገውን አይጠይቋት፤ ያለ ፈቃዷም አይመርምሯት። ተገዳ ተደፍራ ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንክብልም እስከ 120 ሰዓት ቢሰጥም፣ በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ስለሚቀንስ ለነገ አያሳድሩት።