መልስ፦ ለሂሉክስ የሆድ መከላከያ ላሜራ ውፍረትና አገጣጠም

ለሂሉክስዎ ሆድ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሥር ከድንጋይ ለመከላከል፣ የ3 ወይስ የ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሻላል፣ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይስ ይበየድ ወይ ብለው ለጠየቁት፦ 4 ሚሊ ሜትር ብረት ያሠሩ፤ አያስበይዱት፣ በብሎን ይታሰር። የ6 ሚሊ ሜትር ብረት በካሬ ሜትር ወደ 47 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን የፊት ሞላዎቹን ያለ ጥቅም ይጫናል፤ የ4 ሚሊ ሜትሩ ወደ 31 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ጠርዞቹ ወደ ላይ ከታጠፉ በቂ ጥንካሬ ይኖረዋል። አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ድንጋይ ላይ ይነክሳል እንጂ እንደ ብረት አይንሸራተትም፤ ስለዚህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለሚበዛበት እንደ አፋር ላለ መንገድ ብረቱን እመርጣለሁ።

ሲገጠም የፋብሪካው መከላከያ የታሰረባቸውን ቀዳዳዎች ይጠቀሙ። ሁሉም ብሎኖች በእጅ ጥቂት ጥርስ ሳይዙ አንዱም አይጥበቅ፤ አለበለዚያ የቀሩት ቀዳዳዎች አይገጣጠሙም። የብሎኑ ራስ ላሜራው ውስጥ ካልሰመጠ ድንጋይ ይሞርደዋል፣ ከዚያ ወዲያ ቁልፍ አይዘውም። በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ዘይት ማፍሰሻ ትይዩ ቀዳዳ ማውጣትን ብዙ ጋራዦች ስለሚረሱት፣ ላሜራው ከመቆረጡ በፊት ቦታውን በኖራ ያስምሩ።

ከልምድ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በላሜራውና በካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መካከል የሚጠራቀመው ጭቃ ሙቀት ያፍናል፤ ደረቅ ሣር ደግሞ የጋለ የጭስ ቱቦ ሲነካ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። በሣር ውስጥ ከነዱ በዚያው ዕለት ከሥር ገብተው ይመልከቱ፣ በየዘይት ለውጡም ላሜራውን አውርደው ያስጠርጉ።