ቀለበቴን የበላው ወለድ፦ ለኮምቦልቻዋ እህቴ

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነው ያየሁት። እንቅልፍ ነሳኝ። «ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከቁጠባና ብድር፣ ከሰፈር ሱቅና ከአንድ ግለሰብ የወሰድኩት ተደማምሮ 200 ሺህ አልፏል። ባለቤቴ ግማሹን አያውቅም። ክርስቲያን ዕዳ ውስጥ መግባቱ ኃጢአት ነው? እግዚአብሔርስ አገራችንን እየቀጣት ነው? የእናቴን ወርቅ ልሽጠው? ስለትም አለብኝ» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው «ጸልዪ» ብሎሻል። ልክ ናቸው። ግን «ባለቤቴ ግማሹን አያውቅም» ያልሻትን ሁሉም ዘሏት ሄደ። እኔ እሷ ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ወር ኖሬባታለሁና።

እኔ ደሴ ነኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የቤት ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ሲኒ፣ ፔርሙዝ፣ ትሪ፣ ሳፋ፣ የፕላስቲክ ወንበር። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ልጆቹን ይዘን ወጣን። ኅዳር 27 መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ ያዘ ተባለ፤ እኛ ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። የሱቄ በር ተገንጥሎ መንገድ ዳር ተጋድሟል። ውስጥ የቀረው ጡቱ የተሰበረ አንድ ጀበናና የዱቤ ደብተሬ ነው። ሌባ ደብተር አይሰርቅም።

ከባንክ 150 ሺህ ተበድሬ እንደገና ጀመርኩ። አልዋሽሽም፣ ሁለት ዓመት ጥሩ ሠራሁ።

ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። ሰኔ ላይ አንድ ካፌ የሚከፍት ሰው 30 ፔርሙዝ በዱቤ ወስዶ ነበር፤ በ850 ብር ሒሳብ። ሐምሌ መጨረሻ እከፍላለሁ አለ፣ ከፈለም። ቀኑን እንኳ አላሳለፈም። ነገር ግን ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ብሬን ይዤ አከፋፋዩ ጋ ስሄድ ፔርሙዙን 1,200 አለኝ። 30 በሸጥኩበት ብር 21 ገዝቼ ተመለስኩ። አትርፌ ሸጬ ከሰርኩ ብል ማን ያምነኛል?

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያኔ 14 ፔርሙዝ አልጋ ሥር ደብቄ ነበር። «ትንሽ ቀን ይቆይ፣ ይጨምራል» ብዬ። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። ልጇ አራስ ናት፣ አጥሚት የምትይዝበት ፔርሙዝ ፈልጋ ነው። «አልቋል፣ የኔ እናት» አልኳት። ፊቷ ላይ ቆሜ። እህል የሚያስቀረውን ሰው ሕዝብ ይረግመዋል የሚለውን የምሳሌ 11፥26 ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እህል እንጂ ፔርሙዝ አይልም ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር።

ስለዚህ «እግዚአብሔር አገራችንን እየቀጣት ነው?» ስትዪ መልስ ለመስጠት አፌ አይደፍርም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲሞት ጌታ ራሱ «እነሱ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ» ለማለት እምቢ ብሏል፤ ሉቃስ 13 ላይ አለልሽ። የማውቀውን ልንገርሽ። አገራችን ተበዳሪ ናት። በ2007 ከዓለም ገበያ ቦንድ ሸጣ አንድ ቢሊዮን ዶላር ወሰደች። ታኅሣሥ 2016 ላይ የዚያን ብድር ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። በመካከሉ ጦርነት አለ፣ የዶላር እጥረት አለ። ይሄን ውል አንቺም እኔም አልፈረምንም። ኮምቦልቻ ላይ ሽንኩርት ሲወደድ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። አልጋ ሥር ያሉት 14 ፔርሙዞች ግን የእኔ ነበሩ። ንስሐ የምገባው በእነሱ እንጂ በቦንዱ አይደለም።

አንዳንድ የተማረ ሰው ደግሞ «ብር ሲረክስ ተበዳሪ ይጠቀማል» ይላል። እውነት አለው፤ ገቢው አብሮ ከጨመረ። የፋብሪካ ደመወዝ እንዴት እንደሚጨምር አንቺ ታውቂዋለሽ።

መስከረም 2017 የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ደረሰ፣ የልጆች ደብተር ደረሰ፣ ሱቁ ግማሹ ባዶ ነው። አንዲት ደንበኛዬ «ቶሎ ብር የሚሰጥ ሰው አለ» አለችኝ። ሰውየው ቡና ጋብዞ በትሕትና ነው ያናገረኝ። 60 ሺህ ቆጥሮ ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን «100 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ» ነው። በዚያ ላይ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ አስፈረመኝ። ደረቅ ቼክ እንደሚያሳስር አንቺም ታውቂያለሽ። ወለዱ በወር ከመቶ 10፣ ማለትም ስድስት ሺህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ውል የሚታሰብ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል። የእኔ በዓመት 120 ነበር። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ዘጠኝ ወር፣ 54 ሺህ ብር። ዋናው 60 ሺህ ፍንክች አላለም።

ጥር ላይ የጋብቻ ቀለበቴን ሸጥኩ። 18 ሺህ ብር፣ የሦስት ወር ወለድ። ባለቤቴ ባዶ ጣቴን ሲያይ «አብጦብኝ ነው ያወለቅሁት» አልኩት። ማታ ከሥራ ሲመለስ ቅባት ገዝቶልኝ መጣ። እህቴ፣ የዚያች ማታ ነገር እስከ ዛሬ ከወለዱ በላይ ያመኛል። ቅባቱን ተቀብዬ ጣቴን አሸሁት። ምን ላድርግ?

ሰኔ ላይ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ብዙ ነገር ለፈለፍኩ። ስለ አገሩ፣ ስለ ዶላሩ፣ ስለ ሰውየው ክፋት። እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ባልሽ ያውቃል?» አሉኝ። «አያውቅም አባ» አልኩ። «እንግዲህ ቀኖናሽ ይኸው ነው፤ ዛሬ ማታ ትነግሪዋለሽ» አሉኝ። ስግደት ቢያዙኝ በስንት ጣሙ።

ነገርኩት። ልጆቹ ተኝተዋል፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተናል። ሒሳቡን በሙሉ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ቀለበቱም?» አለኝ። «ቀለበቱም» አልኩት። ሦስት ቀን በቅጡ አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባለመስመር ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣ፤ «በይ ቁጠሪ» አለኝ።

እና ስንቆጥር ምን አገኘን መሰለሽ? ያ የዱቤ ደብተር ትዝ ይልሻል? ሰው ከእኔ የወሰደው 41 ሺህ ብር አለበት። እኔ ለአራጣ እየከፈልኩ፣ የራሴን ብር አፍሬ አልጠየቅሁም! ከነቢያት ልጆች የአንዱን ሚስት ታሪክ አስታወሰኝ፤ ሁለተኛ ነገሥት 4። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፣ ዕዳ ጥሎባት ሞተ፣ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ ሊያደርግ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄሽ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰውም ዕዳ ይኖርበታል። ኃጢአቱ መክፈል እየቻሉ መካድ ነው፣ እንደኔ መዋሸትም ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ደግሞ ገና ተአምሩን ሳያደርግ «በቤትሽ ምን አለሽ?» ነው ያላት። የእሷ ዘይት ነበር። የእኔ ደብተር።

ከ41 ሺሁ 13 ሺህ ያህል ሰበሰብን። ያቺ የአራሷ እናትም ስሟ ነበረ፤ የእሷን ገጽ ቀደድኩት። የአንድ ሰውዬም አዝኜ ቀደድኩለት፤ በኋላ አዲስ ሞተር ገዝቶ በሱቄ ፊት ሲያልፍ አየሁት። እንግዲህ እግዜር ያውቃል።

ሐምሌ ላይ ሰውየው ጋ ሽማግሌ ላክን። ከቅሬያችን፣ ማለትም ከዕድራችን ሁለት፣ ከሱ ሰፈር አንድ። ከሁለቱ አንዱ አጠገቤ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው። ሰውየው ወዲያው ወረቀቱን አወጣ። ሐጂ ወረቀቱን አላነበቡትም። «ስንት ሰጠሃት? ስንት ተቀበልክ?» አሉት፤ በቃ። ሰውየው ዝም አለ። ነህምያ 5ን አንብቢው እህቴ፣ ለዚህ ዘመን የተጻፈ ነው የሚመስለው። ረሃብ አለ፣ የንጉሥ ግብር አለ፣ ሰው እርሻውንና ቤቱን አስይዞ እህል ይበደራል፣ ልጁን ይሸጣል። ነህምያ አበዳሪዎቹን ጉባኤ ጠርቶ በሰው ፊት ሲወቅሳቸው የሚመልሱት አጡ። ደስ የሚለኝ ደግሞ እኔና ወንድሞቼም አበድረናል ማለቱ ነው። ራሱን አላወጣም። ወለዱን እንተው አለ፣ የያዙትንም አስመለሰ።

የእኛ ሰውዬ በ30 ሺህ ጨረሰ። ቼኩ እዚያው እጄ ገባ። በደብተር የሰበሰብነው ስለማይበቃ ሐጂ 20 ሺህ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ወለድ ሐራም ነው፣ አልቀበልም» አሉ። «እንግዲያው ወረቀት አያስፈልግም?» ስላቸው ተቆጡኝ፤ «ዕዳ ይጻፍ ነው የተባለው፣ ጻፊ!» አሉኝ። የእኛም ዘጸአት 22 ለድሃ ስታበድር ወለድ አትጫንበት ነው የሚለው። እኛ ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አራጣ አበዳሪ እንጠቋቆማለን። ይሄን ስጽፍ የሚከፋ ሰው ይኖራል፣ ይክፋው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ዛሬ ማታ ለባልሽ ንገሪው፤ ነገ አትበይ። ይቆጣል። ከዚያ አብራችሁ ቁጠሩ። ቁጠባና ብድሩ ጋ ክፍያ ከመዝለልሽ በፊት ቀድመሽ ሂጂ፣ ይራዘምልኝ በዪ። እኔ ባንኩን ለምኜ 36 ወሩን 48 አድርጎልኛል። አታፍሪ። አገር እንኳ አበዳሪዎቿን ጠርታ ጊዜ ስጡኝ ብላ ተደራድራለች፣ አንቺ ምን ያሳፍርሻል? የሰፈር ሱቁን ሰው ግን አትሽሺው። መንገድ ቀይረሽ አትለፊ። በየሳምንቱ 200 ብርም ቢሆን ስጪው፤ እሱም እንደኔ የሚከፍለው አለበት። ግለሰቡን ብቻሽን አትጋፈጪው፣ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። ካስፈራራሽ አራጣ ወንጀል መሆኑን የሚያውቅ ሕግ አዋቂ አማክሪ። ለሌላም ሰው ዋስ ሆነሽ እንዳትፈርሚ፣ ወንድምሽም ቢሆን።

ወርቁን ለአስቤዛ አትሽጪው። ለወለድም አትሽጪው፣ የእኔ ቀለበት ይብቃ። ዋጋው ከዶላሩ ጋር ሲወጣ አይተናል፣ በችኮላ ብታወጪው የሚጠቀመው ገዢው ነው። ሽማግሌ ጨርሶ «ይህን ያህል ከከፈለች ወረቀቱ ይመለሳል» ካለ ግን ሽጪው። ሁለት ሦስት ቤት አስመዝኚ፣ ባልሽም አብሮሽ ይሂድ። እናትሽ የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ስለቱን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ የእኔ ሥልጣን አይደለም። እኔ ለግሸን ማርያም ምንጣፍ ተስዬ ነበር፤ ከጦርነቱ በሕይወት ከተመለስን ብዬ። ዕዳው ሲጫነኝ አባን ጠየቅኋቸው። «እመቤታችን ወለድ አትቆጥርም፣ እንዳትረሺው ብቻ» አሉኝ። ባለፈው መስከረም 21 ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ጧፍና ዕጣን ላክሁ። የሐጂን የመጨረሻ ሁለት ሺህ ብርም በዚያው ሰሞን መለስኩ። ምንጣፉ ገና ነው። እሱም ከውጭ የሚመጣ ሆኖ ዋጋው በየጊዜው ይሄዳል። ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ እጠይቃለሁ፣ ሻጩ ለምዶኛል፤ «እትዬ፣ ዛሬም ጨምሯል» ይለኛል ገና ከበር ሳልገባ።