የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እናታችንን ይዘን በሞተርሆም ወደ የሎውስቶን

ጥያቄ፦ የምንኖረው በኮሎራዶ፣ በዴንቨር አካባቢ ነው። ባለቤቴና እኔ የ14፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። የ71 ዓመት እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ መስከረም ከእኛ ጋር ትቆያለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ቤት መሰል መኪና፣ ተከራይተን ስድስታችንም ለስምንት ቀን የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ደርሰን ለመመለስ አስበናል፤ ቀኑን ግን ገና አልቆረጥንም። ባለቤቴ ከቤተሰብ መኪና የሚበልጥ ነድቶ አያውቅም። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም ደግሞ በምንም ምክንያት አታፈርስም። መንገዱ ይከብዳት ይሆን? እንጀራውን እንዴት እናድርግ፣ ምጣዱን ይዘን እንሂድ? ከሆቴል ይልቅ በሞተርሆም መሄድ ይረክሳል መባሉስ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የጠየቁኝ ብዙ ነገር ቢሆንም መልሴን ከእናትዎ እጀምራለሁ፤ ጉዞው በእርሳቸው ልክ ከተሰፋ ለልጆቹም ለእናንተም ይበቃል፣ በወጣት አሽከርካሪ ልክ ከተሰፋ ግን እርሳቸውን ያደክማል። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ ጊዜ ሞተርሆም ተከራይተን አማቴን ይዘን ስንወጣ፣ «ቤቱ ከእኛ ጋር ስለሚሄድ አይደክሙም» ብለን በአንድ ቀን ለ11 ሰዓታት ነዳን። ማታ ስንቆም የአማቴ ሁለቱም እግሮች አብጠው ጫማቸው አልወልቅ አለ፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት ያሳለፉት እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ነው። እርሳቸው አንድ ቃል ሳያማርሩ መቀመጣቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ በቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት በላይ አትንዱ፤ በየሁለት ሰዓቱም ቆማችሁ እናትዎ ወርደው ትንሽ ይራመዱ።

ቀኑን በተመለከተ፣ የቀን መቁጠሪያውን ዘርግቼ ሳየው ለእናትዎ የሚስማማው ጊዜ ጠባብ ቢሆንም ግልጽ ነው። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለትም በጁላይ 12፣ ይፈታል፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን፣ በኦገስት 7፣ ይገባል። ፍልሰታን እናቶቻችን እንዴት እንደሚይዙት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፦ ጉዳዩ ከምግቡ ያልፋል፤ ቅዳሴው፣ ቁርባኑና ሱባኤው ሁሉ አለበት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከቤተ ክርስቲያን አርቆ ተራራ ላይ ማዋል፣ መልክዓ ምድሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእርሳቸው ዕረፍት አይሆንም። በመካከሉ ያሉት 25 ቀናት ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለባቸውም። ሐምሌ 19 ግን የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው፤ እናትዎ ያን ቀን ማስቀደስ ከፈለጉ በማግሥቱ፣ ሐምሌ 20፣ ብትነሱ ሐምሌ 27 ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ ለፍልሰታም ሦስት ቀን ይተርፋችኋል።

መንገዱን እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከዴንቨር ወደ ሰሜን በፎርት ኮሊንስ በኩል ላራሚ፣ ከዚያም በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና ሮሊንስ ድረስ ወደ 230 ማይል ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ላንደርን አልፋችሁ ዱቦይስ የምትባለው ትንሽ ከተማ ታድራላችሁ፤ ይህ 200 ማይል ገደማ ነው። በሦስተኛው ቀን የግራንድ ቲቶንን ተራሮች በስተ ግራ እያያችሁ በደቡቡ በር ወደ የሎውስቶን ትገባላችሁ። በፓርኩ ውስጥ ሦስት ሌሊት አንድ ቦታ ላይ እደሩ፤ ስትመለሱም በዚያው መንገድ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ስምንት ቀን ለዚህ ጉዞ በልክ የሆነ ጊዜ ነው፤ ሌላ ፓርክ ለመጨመር አትሞክሩ።

በዚህ መንገድ ላይ ባለቤትዎ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ያለው ነፋስ ነው። ሞተርሆም 3 ሜትር ተኩል ገደማ ቁመትና እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ጎን ስላለው፣ ከጎን የሚመጣ ነፋስ መሪውን ከእጅ እንደሚነጥቅ ሆኖ ይገፋዋል፤ በዚያ ጎዳና ላይ ነፋሱ ሲበረታ ረጃጅም ተሽከርካሪዎች እንዳያልፉ የሚከለከሉበት ጊዜ አለ። ማለዳ መነሳት ይረዳል፤ ከመነሳት በፊትም በዋዮሚንግ 511 ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ይቻላል። ፍጥነቱ 75 ማይል ቢፈቀድም ከ60 እስከ 65 ባለው ይቆዩ፤ የሚቸኩል ካለ ይለፋቸው። ሁለተኛው ከዱቦይስ በኋላ ያለው የቶጎቲ መተላለፊያ ነው። ከፍታው 2,944 ሜትር ሲሆን ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬኑን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ስለሚያግለው ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ያስፈልጋል። ስልካችሁ በጃክሰንና በቲቶን መተላለፊያ በኩል ሊያዞራችሁ ቢሞክር እሺ አትበሉ፤ በዚያ ያለው ዳገትና ቁልቁለት 10 በመቶ ይደርሳል።

መኪናውን መልመድን በሚመለከት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ የኪራይ ሞተርሆም የተለመደው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ይሁን እንጂ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ሰዓት ይለማመዱበት። የኋላው አካል ከኋላ ጎማው አልፎ ብዙ ስለሚወጣ፣ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የኋላው ጫፍ ወደ ግራ ይጠርጋል፤ በነዳጅ ማደያ ምሰሶ የሚጋጩት አብዛኞቹ ይህን ሳያውቁ ነው። ቁመቱን በሜትርና በጫማ ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉ። ወደ ኋላ ሲሄድ ሁልጊዜ አንድ ሰው ወርዶ በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ቆሞ ያሳየው። መኪናውን ስትረከቡ ደግሞ ጣሪያውን፣ መስታወቱንና ውስጡን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጹ፤ ኢንሹራንሳችሁ የኪራይ ሞተርሆምን ይሸፍን እንደሆነም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

ስትመርጡ የአልጋውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ስድስት የሚያስተኛ ሁሉ ስድስት የደህንነት ቀበቶ አለው ማለት አይደለም፤ የአራት ዓመቱ ልጅ መቀመጫም ፊቱን ወደ ፊት ባዞረ ወንበር ላይ መታሰር መቻሉን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ለእናትዎ ከኋላ ያለውን፣ ከሁለት ጎን የሚደረስበትንና መሰላል የማይፈልገውን ቋሚ አልጋ ስጧቸው። ከአሽከርካሪው በላይ ያለው አልጋ ለትልልቆቹ ልጆች ይሁን፤ ትንሹ እዚያ አይተኛ። አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን፦ መኪናው እየሄደ እናትዎን «ኋላ ጋደም ይበሉ» አትበሏቸው። እኛ ሽማግሌ ሲደክም ማስተኛት ልማዳችን ስለሆነ ይህን ማለት ይቀናናል፤ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ግን የተኛ ሰው የሚይዘው ነገር የለም። ከደከሙ መኪናውን አቁማችሁ ይተኙ፤ ሞተርሆም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወደ እንጀራው ልምጣ። ምጣዱን ቤት ተዉት። ካምፑ የሚሰጣችሁ የተለመደው የ30 አምፔር መስመር በ120 ቮልት ሲሰላ 3,600 ዋት ብቻ ነው፤ ምጣዱ፣ የአየር ማቀዝቀዣውና ማይክሮዌቩ አንድ ላይ ከበሩ መብራቱ ይቋረጣል። ከዚህም በላይ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የምጣድ እንፋሎት ግድግዳውን ሁሉ ያረጥባል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትኩሱን ይዛችሁ ውጡ፤ ለቀጣዮቹ ሦስት ቀናት በየመካከሉ ወረቀት አድርጋችሁ ቤት ያበረዳችሁትን በበረዶ ሳጥን ያዙ፤ ለቀረው ድርቆሽ ይበቃል፣ ለፍርፍርም ከእርሱ የተሻለ የለም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተቆላ ምስር፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ካለ ረቡዕና ዓርብ አያስቸግርም። በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ከመጫን በፊት በነበረው ቀን ይከፈት። ነዳጅ ስትቀዱ ጋዙን ዝጉ።

ምግብ ሁሉ፣ ትራፊውና ያልታጠበው ድስትም ጭምር፣ ማታ ማታ ወደ ውስጥ ይግባ። የሎውስቶን የድብ አገር ነው፤ ሽታ ያመጣዋል። ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር፣ ከጎሽና ከሌሎች እንስሳት 23 ሜትር መራቅ የፓርኩ ሕግ ነው። ጎሹ መንገድ ዳር እንደ በሬ ረጋ ብሎ ሲግጥ ስለሚታይ ልጆች ይዘናጋሉ፤ ለልጆቹ በየቀኑ ንገሯቸው።

ስለ ቡና ስላልጠየቁኝ ራሴ አነሳዋለሁ። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ ይፈላል፣ ችግር የለም። ከሰል ግን በሞተርሆም ውስጥ፣ በር ተከፍቶም ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይግባ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ስንቱን ቤተሰብ እንደፈጀ አገር ቤት የሰማነው ነው፤ የየሎውስቶን ሌሊት በሐምሌም ወደ ዜሮ ዲግሪ ስለሚጠጋ «ለማሞቅ» የሚል ፈተና ይመጣል። ቤቱን የራሱ ማሞቂያ ያሙቀው፤ የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹም መሥራታቸውን በርክክቡ ቀን ሞክሩ። ዕጣኑን ውጭ፣ እሳት መከልከሉን ወይም አለመከልከሉን ጠይቃችሁ አጭሱ።

በፓርኩ ውስጥ መብራት፣ ውኃና የፍሳሽ መስመር በአንድነት ያለው የሞተርሆም ማቆሚያ ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው፤ በድቡ ምክንያት ሸራ ያለው ተጎታች እንኳ አይገባበትም። ቦታው ከወራት በፊት ስለሚያዝ ዛሬውኑ ሞክሩ። ከሞላ በየቀኑ የተሰረዘ ቦታ መኖሩን ተከታተሉ፣ አለበለዚያም በግራንድ ቲቶን ያለው ኮልተር ቤይ ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። የፍሳሽ ታንከሮቹን ስታፈሱ ጥቁር የሚባለውን የሽንት ቤቱን አስቀድሙ፣ የእጥበቱ ውኃ ደግሞ ተከትሎ ቱቦውን ያጥበው፤ ጓንት አድርጉ። መጸዳጃ በእጅ መኖሩ ለእናትዎ ከሁሉ የሚበልጥ ምቾት ነውና ይህን ሥራ በደስታ ሥሩት።

ከሆቴል ይረክሳል ወይ ላሉት፣ አይመስለኝም። ጉዞው ፓርኩ ውስጥ የሚዞሩትን ጨምሮ 1,300 ማይል ያህል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መኪና በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ስለሚሄድ ከ130 እስከ 163 ጋሎን ነዳጅ ይጠጣል። በዚህ ላይ የየሌሊቱ ኪራይ፣ የማይል፣ የጄኔሬተርና የካምፕ ክፍያ አለ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። እናትዎ የለመዱትን እየበሉ፣ በራሳቸው አልጋ እየተኙ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሙሉ ቀን እንዲውሉ ከሆነ ግን ገንዘቡ በቦታው ውሏል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጤናቸው፣ ከፍታው ብዙ አያስጨንቅዎ። የየሎውስቶን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው፣ ዴንቨር ግን ከዚያ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ቢሆንም ሐኪማቸውን አማክሩ፤ መድኃኒታቸውን ለተጨማሪ ቀናት የሚበቃ ያዙ፤ ለጎብኚ የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ ከሌላቸው ግዙላቸው። በፓርኩ ውስጥ በሌክ፣ በኦልድ ፌይዝፉልና በማሞዝ ክሊኒኮች አሉ። ስልክ በብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

ኦልድ ፌይዝፉል የሚባለው ፍልውኃ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ይፈናጠራል፤ የሚጠበቅበት ሰዓት ስለሚለጠፍና ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ስላለ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከሁሉ የተመቸ ትርኢት እርሱ ነው። ልጆቹ ቆመው ሲጠብቁ እናትዎ ተቀምጠው ይዩት። አዲስ አበቤ እናት ግን እንፋሎት የሚወጣው ውኃ ስታይ የምታስበው ፍልውኃን፣ ምናልባትም ጠበልን ነው፤ እጄን ልንከር፣ ጉልበቴን ላስነካው ማለቷ አይቀርም። የዚያ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ በ93 ዲግሪ ይፈላል፣ አንዳንዱም አሲድ አለው፤ ከእንጨት መተላለፊያው ወርደው ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ይህን ከመድረሳችሁ በፊት፣ መኪና ውስጥ ሳላችሁ፣ እርስዎ ራስዎ በቀስታ ያስረዷቸው። ትንሹን ደግሞ ከመተላለፊያው እስክትወጡ ድረስ ከእጃችሁ አትልቀቁት።