መልስ፦ በእናቴ ጉበት ላይ የታየው ዕጢ ክፉ ይሆን?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በአልትራሳውንድ «ሄማንጂዮማ ሳይሆን አይቀርም» ማለታቸው አያስደነግጥህ። ብዙ ጊዜ እሱው ነው፤ ጉዳት የሌለው የደም ሥር ዕጢ። ግን በአልትራሳውንድ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ባሕር ዳር ወስደህ በኮንትራስት (ምስሉ ላይ እንዲበራ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ሲቲ ስካን አስነሳት፤ በተለያየ ደቂቃ ደጋግሞ የሚያነሳውን። ኩላሊቷ ቀድሞ ይታይ።

ሄማንጂዮማ ከሆነ ኮንትራስቱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ጉብ ጉብ ብሎ ይበራል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሀል ይሞላል። ድምቀቱም ከደም ሥሮቹ ጋር እኩል ነው። ቶሎ በርቶ ቶሎ ከደበዘዘ፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ካለባት፣ የጉበት ካንሰር ይጠረጠራል።

አስቸጋሪው አንጂዮሳርኮማ የሚባለው የደም ሥር ካንሰር ነው። ብርቅ ነው፣ ግን ሄማንጂዮማ መስሎ ያታልላል። ብዙውን ጊዜ ብዙ ቦታ ይወጣል፣ ኮንትራስቱ የሚበራበት መንገድ የተዘበራረቀ ነው፣ በፍጥነትም ያድጋል። ስለዚህ የድሮ ምስል ካላት ይዘህ ሂድ። ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) መጠኑን ያነጻጽርበታል።

ናሙና በመርፌ እንውሰድ ካሉ ደግሞ ሲቲው ከታየ በኋላ ይሁን፤ እንዲህ ያለ ዕጢ ሊደማ ይችላል።