በጀርመን ለምትሠሩ፦ ቋሚ መኖሪያ ፈቃዱን አምስት ዓመት አትጠብቁት

ጀርመን ተቀጥሮ የሚሠራ አበሻ ስለ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ሲነሳ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ገና አምስት ዓመት አልሞላኝም»። ይህን ከሰው ሰምቶ ነው፤ ያም ሰው ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። አምስት ዓመት አጠቃላይ ደንቡ ነው፣ እውነት ነው። በሙያው ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ግን ከዚያ ያጠረ መንገድ አለ። የውጭ ዜጎች ቢሮው ደግሞ ደውሎ «ጊዜህ ደርሷል፣ ና ውሰድ» አይልም። ፈቃዳችሁን ልታሳድሱ ስትሄዱ ያንኑ አድሶ ይሰጣችኋል፣ በቃ። ቋሚውን መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

በጥገኝነት ለገቡ ወገኖች ደንቡ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የማወራው በሥራ ፈቃድ ስላላችሁት ነው።

ዲግሪያችሁ ወይም የሙያ ማስረጃችሁ እዚህ እውቅና አግኝቶ፣ በባለሙያ ሠራተኛ ፈቃድ ተቀጥራችሁ ከሆነ ሦስት ዓመት ይበቃል። ድሮ አራት ነበር፤ ኖቬምበር 2023 ላይ ወደ ሦስት ወረደ። ዩኒቨርሲቲውን ወይም አውስቢልዱንጉን (የሙያ ሥልጠናውን) እዚሁ ጀርመን የጨረሳችሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ተመርቃችሁ የባለሙያውን ፈቃድ ከያዛችሁ ወዲህ ነው። በተማሪነት ወይም በሠልጣኝነት ፈቃድ የቆያችሁበት አይገባም። ከሁሉም የሚፈጥነው ብሉ ካርድ፣ ማለትም በአብዛኛው ከፍ ያለ ደሞዝ ላላቸው ምሩቃን የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ ነው። ጀርመንኛው ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ከሆነ በ27 ወር፣ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ከሆነ በ21 ወር ቋሚው ይሰጣል። እስቲ አስቡት፣ አንድ የቋንቋ ፈተና ስድስት ወር ያሳጥርላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የጡረታ መዋጮ። ሰው የሚጨነቀው ስለ ቅጹ ነው። ማመልከቻው የሚወድቀው ወይም የሚያልፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ለሦስት ዓመቱ መንገድ 36 ወር፣ ለሁለት ዓመቱ 24 ወር የከፈላችሁት መዋጮ መታየት አለበት። ለብሉ ካርድም እንደየመንገዱ 27 ወይም 21 ወር። «ኖሬያለሁ» ማለት አይበቃም፤ ወሩ መዝገቡ ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ ዛሬውኑ ከጀርመን የጡረታ ድርጅት የመዋጮ ታሪካችሁን፣ ፌርዚሸሩንግስፌርላውፍ የሚሉትን ወረቀት፣ አዝዙ። በኢንተርኔት ይታዘዛል፣ በነፃ ነው፣ በፖስት ቤታችሁ ይመጣል። ሲመጣ ወር በወር እዩት። አሠሪ ሳያስተላልፍ የቀረ ወር፣ ሥራ ስትቀይሩ የተፈጠረ ክፍተት፣ ስም የተሳሳተበት መስመር ካለ ማስተካከያው ጊዜ ይወስዳል። ተርሚን (ቀጠሮ) ከተያዘ በኋላ ማወቅ ትርፉ ራስ ምታት ነው።

ሚኒጆብ፣ ማለትም አነስተኛ ደሞዝ ያለው ትርፍ ሰዓት መሰል ሥራ፣ የምትሠሩም አንድ ነገር አስተውሉ። ስትቀጠሩ አሠሪው ከጡረታ መዋጮ ነፃ የሚያደርግ ቅጽ ያቀርብላችኋል። ጥቂት ዩሮ ስለሚያተርፍ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። ያኔ እነዚያ ወራት በራሳችሁ መዋጮ የተሞሉ አይሆኑም። እናቶች ደግሞ ጀርመን ውስጥ ልጅ ያሳደጋችሁበት ጊዜ በጡረታ መዝገብ ሊያዝላችሁ ይችላል፤ ግን በራሱ አይመጣም፣ ማመልከት አለባችሁ።

ቋንቋው ከብሉ ካርዱ የ27 ወር መንገድ በቀር ቢ1 ነው። የጎይተ ወይም የቴልክ (የቋንቋ ፈተና ሰጪዎቹ) ሰርተፊኬት ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚከራከራችሁ የለም። «ሥራ ቦታ ሙሉ ቀን ጀርመንኛ ነው የማወራው» ማለቱን ተዉት፤ ወረቀት ነው የሚያዩት። ቀጥሎ «ሌበን ኢን ዶይችላንድ» (ሕይወት በጀርመን) የሚባለው ስለ አገሩ ሕግና ኑሮ የሚጠይቅ ፈተና አለ። 33 ጥያቄ ነው፣ ክፍያው 25 ዩሮ ነው። ጥያቄዎቹ የሚወጡት አስቀድሞ ከሚታወቁ 310 ጥያቄዎች ነው፤ ፌዴራሉ የስደት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጠዋል። ለቋሚ ፈቃዱ 15 ማግኘት ይበቃል። እናንተ ግን 17 አምጡ። ለዜግነት የሚጠየቀው 17 ስለሆነ፣ ኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ድጋሚ አትቀመጡም።

የቀረው የተለመደው ነው፤ የሥራ ውል፣ የቅርብ ወራት የደሞዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የጤና መድን፣ ያልጨረሰ ፓስፖርት። አሠሪያችሁ ዘንድ የሙከራ ጊዜውን ብትጨርሱ ይመረጣል። ሥራ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃዱን ውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት መቀጠር፣ የራሳችሁን ሱቅ መክፈትም ትችላላችሁ። ፓስፖርቱን በተመለከተ፣ ጊዜው ሊያልቅ ከተቃረበ እድሳቱን አስቀድሙ። በርሊን ያለው ኤምባሲያችንም ሆነ ፍራንክፈርት ያለው ቆንስላ በአንድ ቀን አይጨርስላችሁም። ባልና ሚስት ደግሞ በእኛ ባህል የቤተሰብ ስም ስለማንጋራ፣ የተተረጎመ የጋብቻ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ይኑር። ፈቃዱ የሚያስከፍለው 113 ዩሮ ነው። ከዚያ በላይ ለ«ጉዳይ አስፈጻሚ» የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ እኔ አይገባኝም። ቅጹ የስም፣ የሥራና የአድራሻ ጥያቄ ነው። ጠበቃ የሚያስፈልገው እምቢ ሲሏችሁ ነው።

ያላችሁ ፈቃድ ሳያልቅ አመልክቱ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሳያልቅ ካመለከታችሁ መልሱ እስኪመጣ የድሮው ፈቃድ እንዳለ ይቆጠራል፤ ይህንንም የሚያሳይ ጊዜያዊ ወረቀት፣ ፊክስዮንስበሻይኒጉንግ፣ ይሰጣችኋል። ለገና አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምልክት የተደረገው የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 ላይ መሆኑን እዩ። ሌላ ቦታ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቢሮውን ጠይቁ። መልስ ሳይሰጡ ሦስት ወር ካለፈ፣ በቂ ምክንያት ከሌላቸው አስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ ቀነ ገደብ ያለው የጽሑፍ ማሳሰቢያ ላኩ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ የሚነቃነቀው በዚያ ነው።

ልጅ የምትጠብቁ ከሆነ አትዘግዩ። ከወላጆች አንዱ በሕጋዊ መንገድ አምስት ዓመት ጀርመን ኖሮ፣ በልጁ መወለጃ ቀን ቋሚ ፈቃድ ካለው ልጁ ሲወለድ ጀርመናዊ ነው። ፈቃዱ ከወሊዱ ማግስት ቢመጣ ይህ መብት አይገኝም።

«ታዲያ ለምን ቀጥታ ዜግነቱን አንወስድም?» የሚል አለ። ከጁን 2024 ወዲህ ጀርመን የድሮ ዜግነታችሁን ተዉ አትልም። የእኛው የ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የዜግነት አዋጅ ግን የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ ነው። ፓስፖርቱን መያዝ ለሚፈልግ ሰው ቋሚ ፈቃዱ ሁለቱንም ያስማማል። ውሳኔው የየራሳችሁ ነው።

ቋሚ ፈቃዱ አንድ አደጋ አለው። ከጀርመን ወጥታችሁ ስድስት ወር ካለፋችሁ ፈቃዱ በራሱ ይወድቃል። እናት ወይም አባት ታመው አገር ቤት ረዘም ላለ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ቢሮው የተራዘመ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አምስት ዓመት የሞላችሁ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረቱን የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ፈቃድ ማመልከትም ትችላላችሁ፤ እሱ ከኅብረቱ ውጭ 12 ወር ድረስ ያስቆያል።